በአሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ላይ ትልቅ ሞተር ስለ መትከል

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ አውቶሞቢል ሞተር ስንጽፍ የሚደነቅ ሰው አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን የቤቱ ጌታ ከሚወደው አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ላይ ሞተሩን አውርዶ ሌላ ትልቅ ሞተር ሊተክልበት ያሰበ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ የሚወጣው ከቤቱ ሣጥን ነው፤ በሁለተኛው መቀመጫ ከአጠገቡ የምትቀመጠው ባለቤቱ ናት፤ ከእርሱም በኋላ መሪውን የሚይዘው ልጁ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም ብለን በዚህ ገጽ ላይ አወጣነው።

ምኞቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት አያዳግትም። ከ1950 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር የተሠሩት ሁለት ሰው የሚይዙ ዝቅተኛ አውቶሞቢሎች መልካቸው እጅግ ያማረ፥ በጠመዝማዛ መንገድም ላይ ለመሪ የሚታዘዙ ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ግን ሞተሩን ብዙውን ጊዜ የሚወስዱት ለቤተ ሰብ ከሚሠሩት ተራ አውቶሞቢሎች ስለ ነበረ፥ መልኩ የጉግሥ ፈረስ፥ ጉልበቱ የአጋሰስ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር። በአሜሪካ አገር ደግሞ በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆነው የተሰለፉ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት ትልቅ ሞተር እጅግ በብዛት ይሠራ ስለ ነበረ፥ ከጉልበቱ ጋር ሲመዛዘን ዋጋው ርካሽ ነበር። የአንዱን መልክ ከሌላው ጉልበት ጋር የማጋባት አሳብ በብዙ ሰው ልብ ያደረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ጋብቻ ከፈጸሙት ሰዎች ይልቁንም ስሙ የታወቀው የቴክሳስ ተወላጅ ካሮል ሼልቢ ነው። ሼልቢ በወጣትነቱ ዶሮ ያረባ የነበረ፥ ኋላም የእሽቅድድም ነጂ ሆኖ በ1959 በፈረንሳይ አገር በሌ ማን በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ከሮይ ሳልቫዶሪ ጋር በአስቶን ማርቲን አውቶሞቢል ያሸነፈ ሰው ነው። በልብ ሕመም ምክንያት እሽቅድድሙን በተወ ጊዜ አሳቡን ወደ ሥራው አዞረ። ኤ.ሲ. የሚባለው ትንሽ የእንግሊዝ ፋብሪካ ኤስ ለተባለው አውቶሞቢሉ ይገዛው የነበረውን የብሪስቶልን ሞተር መሠራቱ ስለ ቀረ፥ ሼልቢ የፎርድ ስምንት ሲሊንደር እንዲተከልበት አሳብ አቀረበ፤ በ1962ም ኮብራ የተባለው አውቶሞቢል ወጣ።

ሰው ሁሉ ስለ ኮብራ የሚያወራው ፍጥነቱን ነው። እኛ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ግን ከፍጥነቱ በፊት የሆነውን ነው። ሞተሩ ሲለወጥ ጉልበቱን ለጎማ የሚያካፍለው የኋላው ዲፈረንሲያል ሊችለው ስላልቻለ በሌላ በጠነከረ ተለወጠ። በ1965 ደግሞ ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ሞተር ሊተከልበት በታሰበ ጊዜ የቀድሞው ሻንሲ ራሱ አልበቃም፤ ዋናዎቹ የብረት ቱቦዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች እንዲወፍሩ፥ ባሌስትራውም ቀርቶ በጥቅል ሞላ እንዲተካ ሆነ። እንግዲህ ትልቁ ሞተር ብቻውን አልገባም፤ ለእርሱ ሲባል አውቶሞቢሉ በሞላ ጎደል እንደ ገና ተሠራ ማለት ነው።

ከኮብራ ይልቅ ለዚህ ገጽ የሚስማማው ግን የሰንቢም ታይገር ታሪክ ነው፤ እርሱ ለቤተ ሰብ መንሸራሸሪያ ተብሎ ከተሠራ ጨዋ አውቶሞቢል ላይ የተነሣ ነውና። ሩትስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሰንቢም አልፓይን የተባለ ክፍት አውቶሞቢል ይሠራ ነበር። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፥ ይዘቱ 1.6 ሊትር ያህል፥ ጉልበቱም ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ነበረ። የኩባንያው የምዕራብ አሜሪካ የሽያጭ ኀላፊ የነበረው ኢያን ጋራድ፥ የአሜሪካ ሰዎች የአልፓይንን መልክ እየወደዱ ስለ ጉልበቱ ሲነቅፉት በሰማ ጊዜ፥ በውስጡ የሚገባ ስምንት ሲሊንደር መፈለግ ጀመረ። እንደሚተረከውም፥ ከሠራተኞቹ አንዱ ተራ የእንጨት መለኪያ ይዞ በየአውቶሞቢል መሸጫው እየዞረ የሞተሮችን ስፋት ለካ። በመጨረሻ የፎርድ 4.2 ሊትር ሞተር እንደሚገባ ታወቀ። ርዝመቱ ከአልፓይን ሞተር በጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሲሆን፥ ያስቸገረው ወርዱ ነበር።

በ1963 ሁለት የሙከራ አውቶሞቢሎች ተሠሩ። አንዱን ኬን ማይልስ የተባለው እንግሊዛዊ የእሽቅድድም ነጂ በአንድ ሳምንት ያህልና በጥቂት መቶ ዶላር ሠርቶ ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳየ። ሁለተኛውን ሼልቢ በ10,000 ዶላር ዋጋ ተዋውሎ አጥርቶ ሠራው። የዋጋው ልዩነት አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ሞተሩ የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ሞተሩን ከሚከብበው ሥራ ላይ ነው። ለምሳሌ የአልፓይን የመሪ ሣጥን ወርዱ የሰፋው ሞተር ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ተጋረጠ፤ ስለዚህ የመሪው ሥራ ከነአሠራሩ ተለውጦ ሌላ ዓይነት መሪ ገባ። ዛሬም አንድ መካኒክ «ሞተሩ ይገባል» ብሎ የነገራችሁ እንደ ሆነ፥ ከሁለቱ የትኛውን መግባት ማለቱ እንደ ሆነ ጠይቁት።

ነገሩ ለኩባንያው የበላይ ለሎርድ ዊሊያም ሩትስ በተነገራቸው ጊዜ ሳያውቁት ይህን ያህል በመሠራቱ እጅግ ተቈጥተው ነበር ይባላል። ነገር ግን አውቶሞቢሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተጭኖ በመጣ ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው ነድተው አዩት፤ ቍጣቸውም ቀርቶ ለፎርድ ኩባንያ 3,000 ሞተር አዘዙ። በሚያዝያ 1964 በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ታይገር በተባለ ስም ለሕዝብ ታየ። ስሙ የተወሰደው ሄንሪ ሲግሬቭ በ1926 የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ከሰበረበት ከጥንቱ የሰንቢም አውቶሞቢል ነው። ሎርድ ሩትስ የሥራቸውን ውጤት ብዙ ሳያዩ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐረፉ። በዚያው በ1964 ለሌ ማን ውድድር የተላኩት ሁለት ታይገሮችም ሞተራቸው ተበላሽቶ ሁለቱም ከመንገድ ቀሩ።

ታይገርን ይሠራ የነበረው በዌስት ብሮምዊች የሚገኘው የጄንሰን ፋብሪካ ነው። እዚያ የደረሰው አካል የአልፓይን ሆኖ የተዘጋጀ ስለ ነበረ፥ ሠራተኞቹ ሞተሩን ለማስገባት በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ በትልቅ መዶሻ እየመቱ ወደ ኋላ ያጐደጕዱት ነበር። ባትሪው ከቦታው ተነሥቶ ወደ ኋላ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሄደ። ከስምንቱ ካንዴላዎች አንዱም ከኋላ ተጨናንቆ ከሞተሩ በኩል እጅ ስለማያስገባ፥ በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ በግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተበጀለትና ክዳን ተደረገለት። ወይዘሮዋ ለሽርሽር ስትሄድ እግሯን ዘርግታ ከምትቀመጥበት አጠገብ የሞተሩ ካንዴላ አለ ማለት ነው። ይህን የምንጽፈው ለማሾፍ አይደለም። በታወቀ ፋብሪካ፥ በተማሩ መሐንዲሶች የተሠራው እንደዚህ ከሆነ፥ በሰፈር ጋራዥ የሚሠራው ምን ሊመስል እንደሚችል አንባቢ በልቡ ይመዝነው ብለን ነው።

የታይገር ሥራ የቆመበትም ምክንያት ከዚሁ ከቦታ ጥበት ጋር የተያያዘ ነው። ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩትስን በእጁ ባስገባ ጊዜ፥ የተወዳዳሪውን የፎርድን ሞተር ገዝቶ መትከል አልወደደም። የራሱ ስምንት ሲሊንደር ግን ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ዲስትሪቢተር በኋላው በኩል የተተከለ ስለ ሆነ በዚያች ጠባብ ስፍራ አልገባም፤ የፎርዱ በፊት በኩል ነበረ። ስለዚህ በ1967፥ 7,000 ያህል ታይገር ከተሠራ በኋላ ሥራው ቀረ።

አሁን ወደ ነገሩ ውስጥ እንግባ። ሞተር ሲያድግ መጀመሪያ የሚያድገው ሙቀቱ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚሰጠው ኃይል ሢሶ ያህሉ በውኃው በኩል ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ለ80 የፈረስ ጉልበት የተበጀ ራዲያተር ለ164 አይበቃም፤ ታይገርን 164 የፈረስ ጉልበት ይዞ ሲወጣ ባለቤቶቹን በሙቀት ቀን ሲያስቸግራቸው የኖረው ይኸው ነው። በአሮጌው አውቶሞቢል አፍንጫ ላይ ደግሞ ትልቅ ራዲያተር የሚገባበት ስፍራ የለም። ከዚያ በኋላ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የካምቢዮው ጥርስ ይበላል፤ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ ይጣመማል። እነዚህ ሁሉ በገንዘብ የሚመለሱ ናቸው።

በገንዘብ የማይመለሰው የፍሬን ነገር ነው። አንባቢ ይህን አንድ ሒሳብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን አውቶሞቢል ለማቆም ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል አንድ ነው ብንል፥ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሁለት አይደለም፥ አራት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው አራት እጥፍ ይሆናል። ሞተሩን አስለውጦ ፍሬኑን ለሚመጣው ዓመት ያሳደረ ሰው፥ ለማይቆም በቅሎ ልጓሙን ገበያ ላይ ረስቶ እንደ መጣ ሰው ነው። የምንመክረውም ግልጽ ነው፤ ፍሬኑ፥ ጎማውና ቸርኬው አስቀድመው ይለወጡ፤ ባለቤቱም በአሮጌው ሞተር ጥቂት ወራት ይንዳበት፤ ትልቁ ሞተር ከዚያ በኋላ ይምጣ። መካኒኩ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ የወደደ እንደ ሆነ ሌላ መካኒክ መፈለግ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ክብደት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአቢንግደን ይሠራ የነበረው ኤም.ጂ. ነው። በ1967 ፋብሪካው ኤም.ጂ.ቢ. በሚባለው አውቶሞቢል አካል ላይ 2.9 ሊትር የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር የብረት ሞተር ተክሎ ኤም.ጂ.ሲ. ብሎ አወጣው። ሞተሩ ከቀድሞው በ95 ኪሎ ግራም ያህል ይከብድ ነበር፤ ይህም ሁሉ ክብደት ያረፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። ጉልበቱ ጨመረ፥ ነገር ግን አውቶሞቢሉ በመታጠፊያ ላይ አፍንጫው እየከበደው ወደ ፊት መሄድን የሚመርጥ ሆነ፤ የሞከሩት ጋዜጠኞችም ነቀፉት፤ በ1969 መሠራቱ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ኬን ኮስቴሎ የተባለ የእሽቅድድም ነጂ በዚያው በኤም.ጂ.ቢ. ላይ የሮቨርን 3.5 ሊትር ስምንት ሲሊንደር እየተከለ ይሸጥ ጀመረ። ይህ ሞተር በመጀመሪያ ቢዊክ በተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ላይ የነበረ፥ ሮቨርም መብቱን የገዛው፥ በአሉሚኒየም የተሠራ ሞተር ነው። በይዘቱ ከቀድሞው አራት ሲሊንደር እጥፍ ያህል ሲሆን በክብደቱ ግን አይበልጠውም ነበር። ስለዚህ መሪው እንደ ቀድሞው ቀላል ሆኖ ቀረ። ፋብሪካውም የኮስቴሎን ሥራ አይቶ በ1973 የራሱን አወጣ፤ እርሱም ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ የቤንዚን እጥረት በዓለም ስለ ደረሰ፥ በ1976 እስኪቆም ድረስ 2,591 ብቻ ተሠራ።

ስለዚህ ሊገዙ የሚያስቡ ሰዎች «ስንት ሊትር ነው?» ከማለታቸው በፊት «ስንት ኪሎ ነው?» ቢሉ የተሻለ ነው። በዘመናችን አንዳንድ ሰዎች በቤንዚን ሞተር ፈንታ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ጀምረዋል፤ በዚያም ቢሆን ሞተሩ ቀላል፥ ባትሪው ከባድ ነውና ጥያቄው ያው ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ እንናገር። የሞተሩ ዋጋ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ክፍል መሆኑን ከሼልቢ ሒሳብ አይተናል። ቤተ ሰቡ ሌላ ዕዳ እያለበት፥ ወይም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እየቀረበ ሲሆን፥ የሚሄደውን ሞተር አውርዶ ሌላ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው። ይህም ባይሆን፥ በእንግሊዝ አገር ሞተሩ ሲለወጥ የሞተሩን ቍጥርና መጠን ለአውቶሞቢል መዝገብ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ለመድን ድርጅቱም መናገር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ አደጋ የደረሰበት ሰው፥ መድኑ አልከፍልም ቢለው የሚከራከርበት አፍ የለውም። ከባሏ ጋር የምትሄድ ወይዘሮም የመድኑን ወረቀት ለማየት መጠየቋ ድፍረት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ማታለል ነው። ታይገር ከአልፓይን እጅግ የሚወደድ ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ሰዎች ተራውን አልፓይን ገዝተው የፎርድ ሞተር ከተከሉበት በኋላ የሞተ ታይገር የቍጥር ሰሌዳ ለጥፈው በታይገር ዋጋ ሸጠዋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም። በአሜሪካ የሚገኘው የታይገር ባለቤቶች ማኅበር ስለዚህ ነገር አካሉን እየመረመሩ እውነተኛውን ከተሠራው የሚለዩ ሰዎች አሉት፤ ፋብሪካው ብቻ ያደረጋቸው የብየዳና የብረት ምልክቶች አሉና። ሞተር መለወጥ ነውር አይደለም፤ የለወጠውን እንዳልለወጠ አድርጎ መሸጥ ግን ስርቆት ነው። ይህንንም የምናነሣው ሻጩ ሐሰተኛ ባይሆን እንኳ ወራሾቹ ሳያውቁ ሐሰተኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። አባት የሠራውን በወረቀት ጽፎ ካልተወ፥ ልጅ ያልሆነውን ነው ብሎ ይሸጣል።

የትኛውን አውቶሞቢል መንካት እንደሚገባ የጠየቀን ሰው ቢኖር የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተር በላዩ ያለ፥ የሞተሩም ቍጥር ከመዝገቡ ጋር የሚስማማ አውቶሞቢል ባለበት ይቆይ፤ እንደዚህ ያለው በየዓመቱ እያነሰ የሚሄድ ነው፤ ዋጋውም ባለቤቱ ሳይነካው ይጨምራል። ሞተሩ ከጠፋ ዘመን የሆነው፥ ከዚህም ከዚያም በተለቃቀመ ዕቃ የቆመ አውቶሞቢል ግን የሚያፈርሰው ክብር የለውምና፥ ባለቤቱ የወደደውን ቢተክልበት የሚያሳዝን ነገር የለም። በመካከል ላለው ደግሞ ብረት ሳይቈረጥ የሚገባ ሞተር ብቻ ይፈለግለት። ሻንሲው ከተቈረጠ፥ ግድግዳው በመዶሻ ከተመታ፥ ወደ ቀድሞው መመለስ በስም ብቻ ይቀራል። ሥራውን የሚያስቸኵል ሰው ካለም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በተለይ ለኤሌክትሪክ ሽቦና ለቤንዚን ቱቦ የተነገረ ይመስለናል፤ ከጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ያለፈ የቤንዚን ቱቦ ዕረፍት አይሰጥምና።

የወረደውም ሞተር ለብረት ገዢ አይሰጥ። ዘይቱ ይንጠፍና በአዲስ ይተካ፤ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ጥቂት ንጹሕ ዘይት ይንጠብበትና ይመለሱ፤ ካርቡራተሩ ቤንዚን ሳይቀርበት ይድረቅ። ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተሸፍኖ እርጥበት በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ፤ በሁለትና በሦስት ወር አንድ ጊዜም በእጅ ይዙር። ሣጥኑ ላይ የሞተሩ ቍጥር፥ የወረደበት ቀን፥ የአውቶሞቢሉም የሻንሲ ቍጥር በቀለም ይጻፍበት፤ የዚህም ግልባጭ ከቤቱ ወረቀቶች ጋር በአንድነት ይቀመጥ።